ጡንቻ መግፋት አያውቅም

ስለ ጡንቻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። ግማሹ ደብዳቤ «ሲክስ ፓክ በስንት ሳምንት ይወጣል?» የሚል ነው። እሱን ዘልዬዋለሁ፤ አትቀየሙኝ።

ስፖርት ካቆምኩ ጡንቻዬ ወደ ስብ ይቀየራል?

አይቀየርም። ጡንቻ ሌላ፣ ስብ ሌላ። አንዱ ሲሟሽሽ ሌላው ስለሚጨምር ነው የተቀያየሩ የሚመስለው።

አንድ ወጣት ጂም በጀመረ ማግስት ደረጃ መውረድ አቅቶታል። ጓደኞቹ «ላክቲክ አሲድ ነው፣ ታሽተህ አስወጣው» ብለውታል።

ምስኪን ላክቲክ አሲድ፣ ባላጠፋው ይከሰሳል። ስፖርቱ ካበቃ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከደም ይጸዳል። ያንተ ሕመም ግን አድሮ ነው የመጣው። ምክንያቱ በጡንቻ ክሮች ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳትና የጥገናው ሥራ ነው። ይህ የሚብሰው ጡንቻ ሸክም ይዞ ሲለጠጥ ነው፦ ክብደት ቀስ ብለህ ስታወርድ፣ ቁልቁለት ስትወርድ። በጥቂት ቀናት ይለቅሃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ሽንትህ ጥቁር ሻይ ከመሰለ «ነገ አየዋለሁ» የለም። ወዲያው ሆስፒታል። ክፉኛ የተጎዳ ጡንቻ ይዘቱን ወደ ደም ሲለቅ ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል።

«ግድግዳ ስገፋ ጡንቻዬ ይገፋል» ብዬ ተከራክሬአለሁ። ማን ረታ?

ተከራካሪዎ። ጡንቻ የሚያውቀው መጎተት ብቻ ነው። አንድ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ወደ ታች ይጫኑ፤ በሌላው የክንድዎን ጀርባ ይዳስሱ። ያ የጠጠረው ጡንቻ የክርንዎን አጥንት ከኋላ እየጎተተ እጅዎን ይዘረጋል። ለእርስዎ ግን መግፋት ይመስልዎታል።

ውስጡ የገመድ ጉተታ ነው። ማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን አክቲን የሚባለውን የሌላ ፕሮቲን ክር ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ወደፊት ይይዛል። ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደሚንሸራተቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ቡድኖች በአንድ መጽሔት እትም ላይ አወጡ፤ በሁለቱም ውስጥ ሃክስሊ የሚባል ሰው ነበር፣ ግን አይዛመዱም። እኔን የሚገርመኝ ለመልቀቅም ጉልበት መጠየቁ ነው። ኤቲፒ፣ ማለትም የሴሉ ነዳጅ፣ ካለቀ ማዮሲኑ እንደያዘ ይቀራል። ሬሳ ግትር የሚለው ለዚህ ነው።

የአንዲት አንባቢ እናት 72 ዓመታቸው ነው። እግራቸው ከስቷል፤ ከወንበር የሚነሱት በእጃቸው ተደግፈው ነው። ልጆቹ «እማ፣ አንቺ ተቀመጪ» እያሉ ሁሉን ያቀርቡላቸዋል። «ዕድሜ ነው አይደል?»

ዕድሜም ነው፣ እናንተም ናችሁ። አልቆጣም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ይበልጥ የሚሳሱት ደግሞ ፈጣኖቹ ክሮች ናቸው። ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ቶሎ ወርውሮ የሚተርፈው በነሱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቁመና ሳይሆን የመውደቅ ነው። ሰውነት የማይሠራበትን ጡንቻ አይቀልብም፤ ወጣት እንኳ ሳምንት አልጋ ላይ ቢውል ጭኑ ይቀንሳል። ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን ውሃውን ባቀበልሻቸው ቁጥር አንድ መነሳት ቀማሻቸው።

ደግነቱ፣ ጡንቻ በ90 ዓመትም ቢሆን ካሠሩት ይጠነክራል። ከጠንካራ ወንበር፣ ከቻሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሱ። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ ቀስ ብለው ይውረዱ። ትልቁ ሥራ እሱ ነው። አንቺ አጠገባቸው ቁሚ፣ ግን አትያዣቸው። ፕሮቲን ያለው ምግብም አይጉደልባቸው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያቸው። ለወግ ያህል አይደለም የምለው፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ አንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒትም ጡንቻ ያዳክማል። ድካሙ በድንገት ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂዱ።

የዐይኔ ቆብ ይርገበገብብኛል። ምን ላድርግ?

ይተኙ። ቡናም ይቀንሱ። ሳምንታት ከቆየ ለሐኪም ያሳዩት።

ከአጽም ጡንቻዎች ሁሉ ትንሿ የት ናት?

ጆሮ ውስጥ። ርዝመቷ ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ትንሿን አጥንት ጎትታ ታበርደዋለች። እሷም ብትሆን አትገፋም።