እግሬን ያቃጥለኛል፤ እህቴ የላከችልኝን ኪኒን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ስኳር ካለብኝ 9 ዓመት ሆነኝ፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ጀምሮ ያቃጥሉኛል፣ ይደነዝዙኛል። ሌሊት አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም። ሐኪም አሚትሪፕቲሊን አዞልኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል ሳነብ ደንግጬ በአምስተኛው ቀን ተውኩት። አሁን እህቴ ከአሜሪካ ጋባፔንቲን 300 ላከችልኝ። ልጀምረው?

መልስ፦ ለጊዜው አይጀምሩት። እህትዎ የማይሆን ነገር ልከዋል ማለቴ አይደለም፤ ጋባፔንቲን ለነርቭ ሕመም እኛም የምናዘው ነው። ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ስኳር ደግሞ ኩላሊትን ቀስ እያለ፣ ሳይታወቅ ሊጎዳ ይችላል። ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ያዞራል፣ ያፈዛል፣ ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ፤ መጠኑ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት ጀምረውት ከሆነም በአንድ ጊዜ አያቁሙት፤ ሐኪምዎ ቀስ በቀስ ያስቀንስዎ።

አሚትሪፕቲሊን የታዘዘልዎ ድብርት አለብዎ ተብሎ አይደለም። በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም ሲወሰድ የነርቭን ሕመም ያለዝባል። ለውጡ የሚታየው ግን በሳምንታት ነው፤ በአምስት ቀን አልሠራም ማለት አይቻልም። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ሊከብድዎት ይችላል። የልብ ሕመም ወይም የዓይን ግፊት ካለብዎ ግን ለሐኪም ሳይናገሩ እንደገና እንዳይጀምሩት።

ሌላው የቫይታሚን ቢ12 ነገር ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል፤ እጥረቱ ራሱ እግር ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ ይባስ፤ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ይመርመሩ። «የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ ከፋርማሲ የሚገዛውን ግን በዘፈቀደ አይዋጡ፤ ውስጡ ያለው ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መወጋትም ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረባም፤ ትርፉ ኩላሊትን መጉዳት ነው።

ማታ ማታ እግርዎን ሙቅ ውሃ በጨው ውስጥ ይዘፈዝፉ እንደሆነ እባክዎ ይተዉት። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ለመታጠብም ቢሆን የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይለኩት። ካልሲዎ ነጭ ይሁን፤ ደም ወይም መግል ሲነካው ወዲያው ያዩታል። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፤ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳያውቁት ሊረግጡት ይችላሉ። ስኳርዎ ካልተስተካከለ ደግሞ ኪኒኑ ብቻውን ሕመሙን ከማስታገስ አያልፍም።

ለቀጠሮ ሲሄዱ እህትዎ የላኩትንም ጨምሮ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። እግርዎ ላይ ቁስል ካዩ፣ እግርዎ ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።