4292 የሚል ዓመት ስላለበት የኮሪያ ሳንቲም
4292 የተቀረጸበት ባለ 50 የኮሪያ ሳንቲምዎ ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ሳንቲሙ የዛሬው የደቡብ ኮሪያ ገንዘብ ዎን ሳይሆን ከ1953 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በዚያ ያገለገለው ሁዋን የተባለ ገንዘብ ነው። ዓመቱ በኮሪያውያን ጥንታዊ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ 2333 ሲቀንሱለት 1959 ይሆናል።

የኮሪያ ጦርነት ያስከተለው የዋጋ ንረት የቀድሞውን ዎን ዋጋ ስላሳጣው፣ በፌብሩዋሪ 1953 እያንዳንዱ 100 ዎን በ1 ሁዋን ተለወጠ፤ በጁን 1962 ደግሞ 10 ሁዋን በ1 አዲስ ዎን ተተካ። ስለዚህ የእርስዎ ሳንቲም የ5 ዎን ዋጋ ነበረው፤ እጅግ የሚደንቀው ግን ባለ 10 እና ባለ 50 የሁዋን ሳንቲሞች ከለውጡ በኋላም እስከ 1975 ድረስ በገበያ ላይ መቆየታቸው ነው።

ከልምዴ የማሳስብዎ፣ ሳንቲሙን በሎሚም ሆነ በአሸዋ አይወልውሉት፤ በላዩ ያለችው የኤሊ ቅርጽ ያላት የጦር መርከብ ስስ መስመሮች ከተፋቁ ሰብሳቢዎች ዋጋውን ይቀንሱበታል።