የማርኮ ሩቢዮ የሴኔት መዝገብ፦ ቤተሰብ፣ ትምህርትና ኢሚግሬሽን (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ቨርጂኒያ ውስጥ የወገኖቼን የታክስ ቅጽና የቤተሰብ ማመልከቻ ስሞላ ብዙ ዓመታት ስላለፉ የኮንግረስን መዝገብ ማንበብ የሥራዬ አካል ሆኗል። ዛሬ የምመልሰው ከ2011 እስከ ጥር 2025 ፍሎሪዳን ወክለው በሴኔት ስላገለገሉት ስለ ወግ አጥባቂው ሪፐብሊካን ማርኮ ሩቢዮ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመራችን በፊት የማሳስበው አንድ ነገር አለ፤ የቀረበ ረቂቅ፣ አንድ ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅ እና ፕሬዚዳንቱ የፈረመበት ሕግ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየማኅበሩና በየቡና ቤቱ የሚሰማው ግርግር አብዛኛው የሚመነጨው እነዚህን ካለመለየት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሩቢዮ ዲቪን ለማጥፋት ድምፅ ሰጥተዋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነውን?

መላሽ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን ካልሰሙት ያሳስትዎታል። በ2013 አራት ሪፐብሊካንና አራት ዴሞክራት ሴናተሮች ተሰባስበው ቁጥሩ 744 የሆነ ትልቅ የኢሚግሬሽን ረቂቅ ሲያዘጋጁ ሩቢዮ ከስምንቱ አንዱ ነበሩ። ሴኔቱ ሰኔ 27 ቀን 2013 በ68 ድምፅ ድጋፍና በ32 ተቃውሞ አሳለፈው፤ ከደጋፊዎቹ 14ቱ ሪፐብሊካን ነበሩ። ረቂቁ በ1990 ሕግ የተቋቋመውን የዲቪ ዕጣ ይሰርዝ ነበር፤ የአሜሪካ ዜጋ ወንድሙን ወይም እኅቱን የሚያስመጣበትን ምድብም ይዘጋ ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ31 ዓመት በላይ የሆነና ትዳር የያዙ ልጆችንም ከቤተሰብ ምድብ ያስወጣ ነበር።

አሁን ሌላውን ገጽ ይመልከቱ። ዛሬ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱን ወይም ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጁን የሚያስመጣው ዓመታዊ ገደብ ባለው ምድብ ተሰልፎ ነው። 744 ግን እነዚህን ከዜጋ ባልና ሚስት እኩል አድርጎ ገደቡን ያነሣ ነበር። በእጄ ካለፉ ማመልከቻዎች መካከል ትዳሩ በወረፋ ምክንያት የተጎዳ ሰው ቁጥር ቀላል ስላልሆነ፣ ይህንን አንቀጽ ሳነብ ልቤ ይነካል። በተጨማሪም እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ድረስ አሜሪካ የነበሩ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ተመዝግበው፣ ቅጣትና ታክስ ከፍለው፣ በጊዜያዊ ሁኔታ አሥር ዓመት ከቆዩ በኋላ ግሪን ካርድ፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ቆይተው ዜግነት እንዲጠይቁ ይፈቅድ ነበር። በሌላ በኩል ድንበር ላይ 20,000 ያህል ተጨማሪ ጠባቂዎች እንዲሰማሩና የአጥሩ ርዝመት 700 ማይል እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ረቂቁ ቤተሰብን ከባል፣ ከሚስትና ከልጅ ባሻገር እንዳይዘረጋ አጥብቦ፣ በዚያ ጠባብ ክበብ ውስጥ ላለው ግን በሩን አስፍቶ ከፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ ቤተሰብ ስንል ወንድምም እኅትም አለበት፤ የእርሳቸው መዝገብ ግን በአብዛኛው ወላጅና ትንሽ ልጅ ላይ ያተኩራል።

የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ። ሕግ አልሆነም።

ከዳላስ፦ ስለዚህ ዲቪ ይዘጋል ማለት ነው?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። ሕግ አልሆነም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ሰውየው ስለ ስደተኞች ምን ያስባሉ?

መላሽ፦ የሰው ሐሳብ በመዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ድምፅ ግን ይጻፋል። ስለ የትኛው ረቂቅ ወይም ስለ የትኛው ድምፅ እንደሚጠይቁ ቢገልጹ በደስታ እመልሳለሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦ እሺ፣ ከ2013 በኋላ አቋማቸው ተለውጧል ይባላል፤ መዝገቡ ያንን ያሳያልን?

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። አዎን፣ ያሳያል። ገና በዚያው ዓመት መጸው ሁሉን አቀፍ ከሆነው ረቂቅ ርቀው ጉዳዩ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ይታይ ማለት ጀመሩ። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ በፍሎሪዳ ምክር ቤት ሳሉ፣ በግዛቱ ያደጉ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች እንደ ግዛቱ ነዋሪ የኮሌጅ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ ረቂቅ ደግፈው ነበር፤ በ2012ም በልጅነታቸው ለመጡ ወጣቶች የሚሆን የራሳቸውን ረቂቅ ሲያዘጋጁ ፕሬዚዳንት ኦባማ እነዚህን ወጣቶች ከመባረር የሚጠብቀውን፣ ዳካ የሚባለውን መመሪያ በሰኔ በማውጣታቸው ሐሳቡ ቆመ። በየካቲት 2024 ግን ሴናተር ላንክፎርድ ከዴሞክራቶች ጋር የተደራደሩበት የድንበር ረቂቅ ሲቀርብ የተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። በመካከሉ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ድምፅ አለ። በመጋቢት 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር አጥር ገንዘብ ለማግኘት ያወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለመሻር ከተባበሩት 12 ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዱ ሩቢዮ ነበሩ። አጥሩን አልተቃወሙም፤ ኮንግረስ ለሌላ ጉዳይ የመደበው ገንዘብ በአዋጅ መወሰዱን ነው የተቃወሙት።

ከአትላንታ፦ ወላጆቻቸው በ1956 ከኩባ መጥተው፣ አባታቸው በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት፣ እናታቸው በሆቴል ጽዳት ሠርተው ያሳደጓቸው ሰው ናቸው። የስደተኛ ልጅ ሆነው ለስደተኛ ወንድምና እኅት በሩን መዝጋታቸው ያሳዝነኛል። እኔ ራሴ በእኅቴ በኩል ነው የመጣሁት።

ከሲያትል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ ይህ ፍርድ አድሏዊ ነው። አንድ ሴናተር የሚወክለው የመረጠውን ሕዝብ ነው። ስለ ጋብቻና ስለ ፅንስ ያላቸውን አቋም ያየ ሰው ለቤተሰብ ደንታ የላቸውም ሊል አይችልም፤ እኛም በቤተ ክርስቲያን የምንማረው ከዚያ የራቀ አይደለም።

ከአትላንታ፦ ቤተሰብን ማክበር እኅቴን ከእኔ በመለየት ይጀምራልን?

ከሲያትል፦ እኅትዎን ማንም አልለያትም፤ ረቂቁ አልጸደቀም ተብሏል።

መላሽ፦ ሁለታችሁም እውነተኛ ስሜት ይዛችሁ እንደምትናገሩ አያለሁ፤ ነገር ግን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የወንድምና እኅት ምድብ ዛሬም በዓመት 65,000 ቪዛ ተመድቦለት አለ፤ ወረፋው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ስለ ጋብቻ ለተነሣው፣ በኅዳር 2022 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በፌደራል ሕግ ያስከበረው ረቂቅ በ61 ለ36 ሲያልፍ ሩቢዮ ተቃውመዋል። በዚያው ዓመት ሴናተር ግርሃም ያቀረቡትን፣ ከ15 ሳምንት በኋላ ውርጃን የሚከለክል ረቂቅ በደጋፊነት ስማቸውን አስገብተው ደግፈዋል፤ እርሱም ሕግ አልሆነም። ከዚህ በላይ በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች አልገባም።

ከኮሎምበስ፦ በታክስ በኩል ለቤተሰብ ሠሩ የሚባለው ምንድን ነው? ቻይልድ ታክስ ክሬዲት የእርሳቸው ነውን?

መላሽ፦ ይህ ሥራዬ ስለሆነ በዝርዝር እንድመልስ ፍቀዱልኝ። ክሬዲቱን፣ ማለትም ልጅ ላለው ቤተሰብ ከታክሱ ላይ የሚቀነስለትን ገንዘብ፣ የፈጠሩት እርሳቸው አይደሉም፤ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። በ2017ቱ የታክስ ሕግ ግን የእርሳቸው እጅ በግልጽ ይታያል። ያ ሕግ ክሬዲቱን ለአንድ ልጅ ከ1,000 ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አደረገው። ችግሩ፣ የሚከፍለው የገቢ ታክስ ለሌለው ድኻ ቤተሰብ በሪፈንድ (በተመላሽ ክፍያ) መልክ የሚደርሰው የዚህ ከፊል ብቻ መሆኑ ነበር። ሩቢዮና የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ፣ ሠራተኛ ከደመወዙ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) የሚቆረጥበት ታክስም ታስቦለት ሪፈንዱ እንዲያድግ፣ ወጪውም የድርጅቶች ታክስ ከ20 በመቶ ወደ 20.94 በመቶ ከፍ ብሎ እንዲሸፈን ማሻሻያ አቀረቡ። ከአንድ በመቶ በታች የሆነች ጭማሪ ናት። ሆኖም በ29 ድጋፍና በ71 ተቃውሞ ወደቀ፤ የተቃወሙትም የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሩቢዮ ለመጨረሻው ሕግ ድምፄን አልሰጥም ብለው በመያዛቸው፣ በሪፈንድ የሚከፈለው ጣሪያ ከ1,100 ወደ 1,400 ዶላር ተነሣ። ይህ በፕሬዚዳንቱ ተፈርሞ ሕግ የሆነ፣ በብዙ ሺህ ቤት የገባ ገንዘብ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። በ2018 ሁለት ልጆች ያሏት፣ በዓመት 14,500 ዶላር ያገኘች እናት እንበል። የገቢ ታክስ የለባትም። ሕጉ ከገቢዋ የመጀመሪያውን 2,500 ትቶ ከቀረው 12,000 ላይ 15 በመቶ ያሰላል፤ ስለዚህ የሚደርሳት 1,800 ዶላር ነው። ከእርሷ ብዙ እጥፍ የሚያገኝ ጎረቤቷ ግን ለሁለት ልጆቹ ሙሉውን 4,000 ይወስዳል። የሩቢዮ ማሻሻያ ይህን ክፍተት ሙሉ በሙሉ ባይዘጋውም ያጠበው ነበር፤ በመውደቁ እኔ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

ይሁን እንጂ አቋማቸው ወሰን አለው። በ2021 ዴሞክራቶች ክሬዲቱን ለአንድ ዓመት ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ 3,600፣ ከዚያ በላይ ላለው ወደ 3,000 ዶላር ከፍ አድርገው፣ ሥራ ለሌለው ወላጅም እንዲከፈል ሲያደርጉ፣ ሩቢዮ ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ክፍያ ድጎማ ነው ብለው ተቃወሙ። ክሬዲቱ ለሚሠራ ወላጅ ነው የሚለው እምነታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተለወጠም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይኸው የ2017 ሕግ ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለየሰዉ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ከሌለው ሙሉ ክሬዲቱ እንዳይሰጥ፣ በምትኩ 500 ዶላር ብቻ እንዲታሰብ አድርጓል። ልጆቻቸውን በቅርቡ ያስመጡ ወገኖች ቁጥሩ ሳይወጣ ቅጹን በችኮላ አስገብተው ገንዘብ ሲያጡ አይቻለሁ።

ከሲያትል፦ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም ማለታቸው ትክክል ነው፤ አገራችንም ቢሆን ሠርቶ መብላት ክብር ነው።

ከኮሎምበስ፦ አራስ የሆነች ሴት ምን ትሥራ? ክብሯ ልጇን ማጥባት አይደለምን?

መላሽ፦ የአራሷን ነገር ማንሣታችሁ መልካም ሆነ፤ ሩቢዮ ስለዚህም ረቂቅ አቅርበዋል። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ከ1993 ጀምሮ ለወለደች እናት እስከ 12 ሳምንት ዕረፍት ቢፈቅድም ደመወዝ አያስገድድም። በነሐሴ 2018 ሩቢዮ ያቀረቡት ረቂቅ፣ ወላጅ ከወደፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው ላይ ቀድሞ ወስዶ ለሁለት ወር ያህል በክፍያ እንዲያርፍ፣ በምትኩም ጡረታ የሚወጣበትን ጊዜ በጥቂት ወራት እንዲያዘገይ ይፈቅድ ነበር። በ2019 ከሴናተር ሚት ሮምኒ ጋር አሻሽለው እንደገና አቀረቡት። ታክስ ሳይጨምር፣ አሠሪን ሳያስገድድ ለእናት ዕረፍት መስጠቱ ለወግ አጥባቂ ሰው ብልሃት ነው። እኔ ግን ስጋት አለኝ። ወገኖቻችን ብዙዎቹ በአርባ ዓመታቸው አካባቢ መጥተው፣ ለጡረታ ብቁ የሚያደርገውን የአሥር ዓመት ሥራ ለመሙላት የሚታገሉ ናቸው፤ ለእነርሱ ጡረታን በጥቂት ወር ማዘግየት ማለት ከደከመ ጉልበት ላይ መበደር ነው። ይህም ረቂቅ ሕግ አልሆነም።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ 744 አሁን እንደገና ቢቀርብ ዲቪ ይጠፋል?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ አንድ ኮንግረስ ዘመኑ ሲያበቃ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይሞታል። 744 በ2015 መጀመሪያ ሞቷል። ሴኔት ማሳለፉ ብቻውን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ለማየት ከፈለጉ፣ የሩቢዮን የሰዓት አቆጣጠር ረቂቅ ይመልከቱ፤ በመጋቢት 2022 ሴኔቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ አልሰጠበትም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታችንን እንቀይራለን። ስለ ዲቪ አሞላልም ሆነ ስለ ወቅታዊ ሁኔታው እዚህ አልመልስም፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ያንብቡ፣ ለዕጣ አሸንፋችኋል ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰውም አትክፈሉ።

ከአዲስ አበባ፦ በትምህርት በኩልስ?

መላሽ፦ እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ለግል ትምህርት ቤት የነጻ ትምህርት ዕድል ለሚለግሱ ሰዎች የፌደራል ታክስ ቅነሳ እንዲሰጥ በ2013 ረቂቅ አቅርበዋል። ከዴሞክራቱ ሮን ዋይደን ጋር የየኮሌጁና የየትምህርት ዘርፉ ምሩቃን ምን ያህል እንደሚያገኙ ለተማሪ አስቀድሞ እንዲገለጽ፣ ከማርክ ዋርነር ጋር ደግሞ የተማሪ ብድር አከፋፈል በገቢ መጠን እንዲወሰን ጠይቀዋል። እርሳቸው ራሳቸው ከ100,000 ዶላር በላይ የትምህርት ዕዳ ተሸክመው ስለነበር ጉዳዩ ሩቅ አልነበረባቸውም። አንዱም በእርሳቸው ረቂቅ ሕግ ሆኖ አልወጣም። ልጆቻችሁን ኮሌጅ ስትመርጡ ግን ምሩቃኑ ምን እንደሚያገኙ ጠይቁ፤ ለዚህ ሕግ አያስፈልግም።

ከአዲስ አበባ፦ ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚመለከት የፈረሙበት ሕግ አለን?

መላሽ፦ ሴናተር አይፈርምም፤ የሚፈርመው ፕሬዚዳንቱ ነው። እርሳቸው አቅርበው ሕግ የሆነ ግን አለ፦ በሰኔ 2015 የጸደቀው፣ በታዳጊ አገሮች የተወለዱ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ በልደት እንዲመዘገቡ የአሜሪካ እርዳታ እንዲደግፍ የሚያዝዘው ሕግ ነው። የልደት ምዝገባ የሌላት ልጅ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር ዕድሜዋን የምታስረዳበት ወረቀት የላትም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2016 መሆኑን ለምታውቁ ክብደቱ ይገባችኋል። ከ744 ይልቅ ስለዚህ ሕግ ብዙ ቢወራ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአትላንታ፦ አሁን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ የዲቪን ዕጣ የሚያካሂደው ያው መሥሪያ ቤት አይደለምን?

መላሽ፦ ነው። በ2013 እንዲሰረዝ ድምፅ የሰጡበትን ዕጣ የሚያካሂደውን መሥሪያ ቤት፣ ሴኔቱ ጥር 20 ቀን 2025 በ99 ለ0 ድምፅ ሹመታቸውን ካጸደቀ በኋላ እንዲመሩ ተደርገዋል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚያደርጉት ግን የሚኒስትር ሥራ እንጂ የሕግ አውጪ መዝገብ አይደለም፤ በሐምሌ 2025 ክሬዲቱን ወደ 2,200 ያደረሰው የታክስ ሕግም ከወጡ በኋላ የመጣ ስለሆነ በስማቸው አትጻፉት።

ከዳላስ፦ ታዲያ እኅቴ የሞላችው የዘንድሮ ዲቪ…

መላሽ፦ ወንድሜ፣ የዚህን መልስ ከላይ ሰጥቻለሁ። የታክስ ጥያቄ ያላችሁ የልጆቻችሁን ዕድሜና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ብቻ ጻፉልኝ፤ ቁጥሩን ራሱን እዚህ እንዳትጽፉ።