ባለልደቷ የማይበሉት ቁርስ

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ጽፌ ግን አላውቅም። ዘንድሮ ትዕግሥቴ አለቀ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። ከእህት ወንድሞቼ እዚህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእማማን ልደት ቁርስ አብረን በመብላት ማክበር ጀመርን። ሐሳቡ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ነው። ሥራው የእኔ ነው።

ሥራ ስል ቀላል እንዳይመስልዎ። ገብሱን ፈትጌ፣ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ የገንፎ ዱቄት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ድፎውን ከዋዜማው አቡክቼ በኮባ ቅጠል የምጋግረው እኔ ነኝ። ቂንጬው፣ ፍርፍሩ፣ ማሩ፣ ቡናው ሁሉ በእኔ ነው። ጾም ስለሆነ በዘይት ነው የሚሠራው፤ የኑግ ዘይቱንም ገበያ ዞሬ የምገዛው እኔው ነኝ። እነሱ በዋዜማው ማታ ከች ይላሉ። ጠዋት ሁሉም ነገር ከቀረበ በኋላ ይነሳሉ። ከዚያ ፎቶ ነው፣ ቪዲዮ ነው። አምና የወንድሜ ሚስት «ለአያታችን ያዘጋጀነው ቁርስ» ብላ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ያዘጋጀነው! አንድ ስኒ እንኳ አላጠበችም።

ለወንድሜ ብነግረው «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ፣ በዓመት አንዴ አይደል?» አለኝ። በዓመት አንዴ የሚመጣው እሱ ነው። እኔ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ወፍጮውም፣ እንጨቱም፣ መድኃኒቱም በእኔ ነው።

ዘንድሮ ሰማንያኛቸው ነው ተብሎ ትልቅ ኬክ ሊያመጡ ነው። ድንኳን ይጣል እየተባለም ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 1 ነው፤ መታወቂያቸው «ታኅሣሥ 1 ቀን 1938» ስለሚል። እማማ እንኳ «እኔ ጃንሆይ ማርቆስ በገቡበት ዓመት፣ በልደታ ለት ነው የተወለድኩት» ይላሉ። ግን የድሮ ሰው አይደሉ፣ የሚሉትን ማን ያጣራል። በጾሙ እስከ ስድስት ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ መርቀው ያስጀምሩንና «ብሉ ልጆቼ» እያሉ እኛን ያያሉ። ደስ ይላቸዋል። አምና ክሬም ያለበትን ኬክ ቁረሱ ሲሏቸው ግን ቢላዋውን እንደያዙ ወደ እኔ አዩ። እኔም ዝም አልኩ።

እና ምን ይሻለኛል? ለሚስቱ ፊት ለፊት ልንገራት? ወይስ ወጪውን አዋጡ ልበል? እውነቱን ለመናገር መተው ነው የምፈልገው። ዘንድሮ አልሠራም ብል እማማን መበደል ይሆንብኛል?

የደከማት የልጅ ልጅ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ልጄ፣

አይሆንብሽም። ተይው። የታኅሣሡን ቁርስ ዘንድሮ አትሥሪ።

ስለ ስኒው ብዙ አልልም። እውነት አለሽ፤ ያላጠበ ሰው «አዘጋጀን» ማለት አልነበረበትም። እኔን ያንገበገበኝ ግን ወደ መጨረሻ እንደዋዛ ያለፍሽው ነገር ነው። አያትሽ ይህን ቁርስ በልተውት አያውቁም። ለእሳቸው ተብሎ ይሠራል፣ በስማቸው ይቀርባል፣ እሳቸው ባዶ ሆዳቸውን ተቀምጠው ሌላው ሲበላ ያያሉ። «ደስ ይላቸዋል» ትያለሽ። የልጅ ልጆቹ ሲበሉ ደስ የማይለው አያት የለም። በልደታቸው ቀን ይህ ይበቃቸዋል ብሎ መወሰን ግን አግባብ አይደለም።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው ገና ነው። ታኅሣሥ 1 መሀሉ ላይ ናት። በዚህ ዕድሜያቸው ጾማቸውን አጥብቀው የያዙ እናት ክሬም ያለበት ኬክ ቁረሱ ሲባሉ ምን ይበሉ? ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወደ አንቺ ያዩት አንቺ ታውቂልኛለሽ ብለው ነው። «ጾም እኮ ነው» ማለት ነበረብሽ። ለራስሽ ድካም ወንድምሽን ተናግረሻል፣ ለእሳቸው ግን አልተናገርሽም። አዎ፣ እየወቀስኩሽ ነው።

«የሚሉትን ማን ያጣራል» ያልሽውም አልተዋጠልኝም። ይጣራል እኮ። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ የገቡት በመጋቢት 1933 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ግንቦት ልደታ ከዚያ በአራተኛው ቀን ናት። የአያትሽ ቃል ልክክ ይላል። እንደ እሳቸው አቆጣጠር ሰማንያኛው ዓመት አልፏል፤ በሚመጣው ግንቦት የሚሞሉት ሰማንያ አምስት ነው።

መታወቂያው የተጻፈው በግምት ነው ብል ማንም አይከራከረኝም። በዚያ ዘመን ገጠር ለተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት የሚጽፍለት አልነበረም። በኋላ ቅጹ ቀን ሲጠይቅ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ይሞላና ያልቃል። የገጠር እናት ግን የልጇን ቀን በበዓል ነው የምትይዘው፤ ለሚካኤል፣ ለልደታ፣ ለኪዳነ ምሕረት እያለች። ዓመት ሊምታታባት ይችላል። በዓሉ አይምታታባትም።

አሁን ግንቦት 1ን አስቢያት። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ስለዚህ ልደታ ምንጊዜም በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ናት። ረቡዕም ብትውል ዓርብም ብትውል ጾም የለም። ገንፎው መሀሉ ቅቤ ይፈስበታል፣ እርጎውም ይቀርባል። አያትሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከእናንተ ጋር ይበላሉ። ገንፎ ደግሞ ለዚህ ቀን የተገባ ምግብ ነው። ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ «ማርያም ማርያም» ሲል ቆይቶ፣ ልጅ መጣ ሲባል አብሮ የሚበላው ገንፎ አይደል? እኔ በበኩሌ ለልደት ከእሱ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ድንኳኑንም ተዉት። ልደታ የምትከበረው ደጅ ነው። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ እንደተወለደች አባቶች ያስተምራሉና፣ ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ቡናው ደጅ ይፈላል። ስንዴውን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውን ጎረቤቱ ከየቤቱ ያዋጣል። ከእንግዲህ አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው ድግስ አይሆንም።

ለወንድምሽ ደውይለት። በስኒ አትጀምሪ፣ የሚስቱንም ስም አታንሺ። «እማማ በታኅሣሥ አይበሉም፤ ቀናቸው ግንቦት 1 ነው፤ የታኅሣሡን አልሠራም» በይው። ካንገራገረ ስልኩን ለእሳቸው ስጪያቸውና ከራሳቸው አፍ ይስማ። የኬኩን ብር ለቅቤ ይላክ። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመው ይምጡ። ሚስቱ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ገንፎውን ታማስል፤ ከዚያ በኋላ «ያዘጋጀነው» ብትል እኔም ላይክ አደርግላታለሁ።

ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ስለ ገብሱ ጽፈሽልኛል፣ ስለ ድፎው ጽፈሽልኛል፣ ስለ ኑግ ዘይቱ ጽፈሽልኛል። እማማ ምን መብላት እንደሚወዱ አንድም ቦታ አልጻፍሽም። በዚህ ሳምንት ስትሄጂ ጠይቂያቸው። ገንፎ አልወድም ካሉም የእኔን ምክር ተይና እሳቸው ያሉሽን ሥሪ።