ስለ ቤተሰብ ዎኪቶኪ የጠየቃችሁኝ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለሚይዙት ኤፍ አር ኤስ ስለሚባለው ዎኪቶኪ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ እዚሁ ልመልስ፣ እዛ እያለሁ በደንብ ተጠቅሜበታለሁ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው በጣም የሚጨናነቀው?
መልስ፦ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። የፈረንጅ ገና ማግስት ደሞ ህፃናቱ በስጦታ ያገኙትን ይዘው «ሄሎ ሄሎ» ሲሉ ይውላሉ። ግን ከቀኑ ይልቅ ቦታው ነው የሚወስነው፣ ካምፕ፣ መዝናኛ ፓርክ፣ በረዶ የሚንሸራተቱበት ተራራ ላይ ወሬው አያባራም። የሚገርመው 22 ቻናል እያለ ሁሉም ከካርቶን አውጥቶ 1 ላይ ነው የሚያወራው፣ አቦ ቁጥር መቀየር ምን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ እህቴ «ኮድ ስላስገባን ማንም አይሰማንም» ትላለች፣ እውነት ነው?
መልስ፦ አይደለም። ኮዱ እሷ ሌላውን እንዳትሰማ ነው የሚያደርገው እንጂ ኮድ ያላስገባ ሰው እሷን ጥርት አርጎ ይሰማታል። የባሰው ደሞ ቻናሉ ባዶ መስሏት ስትጫን የሰው ወሬ መሃል ትገባለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሞኒተር የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ማዳመጥ ነው። «ልጁ ብቻውን ቤት ነው» ምናምን እዛ ላይ አይወራም።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ 35 ማይል ይላል፣ ከድሬ ሐረር ይደርሳላ?
መልስ፦ ሃሃ ዋሪያ፣ በወረቀት ይደርሳል፣ መንገዱ 55 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ግን ቢበዛ 2 ዋት ናት፣ ከ8 እስከ 14 ያሉት ቻናሎች እንደውም ግማሽ ዋት፣ ሞገዱ ደሞ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የደንገጎ ተራራ መሃል ላይ ተገትሮ በየት በኩል ይለፍ? ደንገጎ አናት ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል ወደ ድሬ ቢያወራ ሌላ ነገር ነው። ጀጎል ውስጥ በዛ ሁሉ የድንጋይ ግንብ ግን ብዙ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ለቁልቢ ብናስመጣውስ? ታህሳስ 19 ሰው ሲበዛ ስልክ እምቢ ይላል፣ ልጆች ይጠፉብናል።
መልስ፦ ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን እዛ ያለ ፈቃድ ይሰራል ማለት እዚህም ይሰራል ማለት አይደለም። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ኤርፖርት ላይ ከመከራከር በፊት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። እስከዛው የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተቀጣጠሩ።

ጥያቄ፦ አወራሩስ?
መልስ፦ ቁልፉን ተጭነህ ትንሽ ቆይ፣ ካልሆነ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች። አጭር ተናግረህ ልቀቅ። አንዱ ሲያወራ ሌላው መመለስ ስለማይችል የኛ ሰው «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ እነ እማማስ» ብሎ እስኪጨርስ ሌላው ቤተሰብ ወረፋ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ከሬፒተር ጋር፣ ማለት ድምፁን ተቀብሎ አርቆ ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ጋር፣ ይሰራል?
መልስ፦ አይፈቀድም። ለሱ ጂ ኤም አር ኤስ የሚባል ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ የሬዲዮ አገልግሎት እዛው አሜሪካ አለ፣ ፈቃዱ 35 ዶላር ነው፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ቤተሰቡም አብሮ ይጠቀምበታል።