ቅጠሉ ጫካ፣ ድንቹ ሰባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጥር መጨረሻ ላይ በ6 የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ድንች ተከልሽ። ቅጠሉ ደረትሽ ላይ ደረሰ፣ ጎረቤት አደነቀ፣ አንቺም ሦስት ወር ተኩል በትዕግሥት ጠበቅሽ። ከዚያ አንዱን ስትገለብጪው 7 ድንች፣ ያውም ሎሚ የሚያካክሉ። «ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?» ብለሻል።

ሳቅሁ፤ ባንቺ ሳይሆን በራሴ። የዛሬ አራት ዓመት የመጀመሪያውን ማዳበሪያዬን ስገለብጥ ያገኘሁት 9 ድንች ነበር። ያስገባሁት የዘር ድንች ደግሞ 8። ይቺን ሂሳብ ቤተሰቦቼ እስካሁን በየበዓሉ ያነሱብኛል።

አስቸኳዩን ላስቀድም። የቀሩትን 5 ማዳበሪያዎች አትንኪ። ፎቶው ላይ እንደሚታየው ቅጠላቸው ገና ለምለም ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ከታች ያለው ድንች እየተመገበ ነው፣ ክብደት የሚጨምረውም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። እንዳንቺው ዩሪያ የበዛበት ድንች ደግሞ ይዘገያል። ቢጫ እስኪሆንና ግንዱ መተኛት እስኪጀምር ጠብቂ። ከዚያ ግንዱን ከአፈሩ በላይ ቁረጪውና ውሃ ሳትሰጪ 10 ቀን ያህል ተዪው። አንድ ድንች አውጥተሽ በአውራ ጣትሽ እሺው። ልጣጩ ከተላጠ ገና ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። በነገራችን ላይ እኛ ሰፈር ከረጢቱንም ውስጡ ያለውንም «ማዳበሪያ» ነው የምንለው። እዚህ ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ሌላውን፣ ለተክሉ ምግብ የሚሆነውን፣ ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ እያልኩ በስሙ እጠራዋለሁ።

በአንድ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ 7 ዘር አስገብቻለሁ ብለሻል። በዛ። እዚያ ውስጥ 2 ዘር ይበቃል፣ አፈርሽ በጣም ጥሩ ከሆነ 3። ሰባቱ ለውሃውም ለምግቡም ለቦታውም ሲሻሙ ነው የከረሙት። ለአንድ ዘር ከ10 እስከ 15 ሊትር አፈር እንደሚያስፈልገው አስቢ፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን ገደማ።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎቻችንን ያሳሳተን ነው። ማዳበሪያውን በየሳምንቱ አፈር እየጨመርሽ እስከ አፉ ሞልተሻል። ቪዲዮዎቹ እንዲያ ነው የሚያሳዩት፦ አፈር በጨመርሽ ቁጥር ድንቹ ፎቅ በፎቅ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ከላይ እስከ ታች ድንች ይዘረገፋል። እኔም አምኜ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ማዳበሪያውን ከመገልበጥ ይልቅ ጎኑን በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩትና አፈሩን በእጄ ቀስ እያልኩ አራገፍኩ። ከላይ ሁለት ስንዝር ያህል ባዶ ግንድና ፀጉር የመሰለ ሥር ብቻ ነበር። አንዲት ድንች የለችም። ድንቹ ሁሉ ታች፣ የዘሩ ቅሪት ዙሪያ ተሰብስቦ ተኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንች ሥር አይደለም። ከመሬት በታች ካለው ግንድ ላይ ሲባጎ የመሰሉ ነጭ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወደ ጎን ይወጣሉ፣ ጫፋቸው ሲያብጥ ድንች ይሆናል። ቶሎ የሚደርሱ ዓይነቶች እነዚህን የሚያወጡት በአንድ ሰሞን፣ ከዘሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ነው። አንዴ ከቋጠሩ በኋላ ላያቸው ላይ አፈር ብትከምሪ የሚረዝመው ግንዱ ነው። ዘግይተው የሚደርሱ ዓይነቶች ትንሽ ይሻላሉ፣ ግን እነሱም የቪዲዮውን ያህል አይደሉም።

ታዲያ አፈር ማስታቀፍ ይቅር? አይቅርም። ድንቹ ፀሐይ ካየ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ሆድም ያማል። እንዲህ የሆነውን ጣዪው እንጂ ወጥ ውስጥ አትጨምሪው። አፈሩ ቅዝቃዜም ይይዝለታል። ግን ሁለት ጊዜ ይበቃል። እኔ ማዳበሪያውን ወደ ውጭ እስከ ግማሹ አጥፌ፣ ሁለት ስንዝር ያህል አፈር አድርጌ፣ ዘሩን አንድ እጅ ጥልቀት ላይ አስቀምጣለሁ። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲያልፍ የላይኛው ቅጠል እስኪቀር አስታቅፋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እደግማለሁ። ሳያብብ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ እጄን እሰበስባለሁ።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንቺ «በየቀኑ አጠጣለሁ» ብለሻል፣ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ያን የሰነጠቅኩትን ማዳበሪያ ሳየው ዳር ዳሩ ጭቃ፣ መሃሉ ግን አመድ ነበር። አፈሩ ሲደርቅ ከከረጢቱ ጠርዝ ይለቃል። ከላይ ያፈሰስሽው ውሃ በዚያ ክፍተት ተንሸራቶ ከታች ይወጣል። ሊሾው ሲረጥብ አይተሽ «ጠጥቷል» ትያለሽ። አልጠጣም። አሁን በየማዳበሪያው መሃል ግርጌውና ጎኑ በምስማር የተበሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ እቀብራለሁ፣ አፉ ብቻ ከላይ ይታያል። ውሃውን እዚያ ውስጥ ነው የምሞላው። ተክሉ ሲያድግ በሁለት ቀን አንዴ 4 ሊትር ያህል እሰጠዋለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የአትክልት እጣቢ በባልዲ አጠራቅማለሁ፣ ሳሙና የነካውን ግን አልጨምርም። በተለይ ከማበቡ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል እንዳይጠማ። ድንች የሚቋጥረውም የሚያብጠውም ያኔ ነው። አንድ ሳምንት አስጠምተሽው ድንገት ብታጥለቀልቂው ድንቹ ይሰነጠቃል፣ ወይም ዝንጅብል መስሎ ጉብ ጉብ ይላል።

ፎቶሽ ላይ ሌላ ያየሁት ነገር አለ። ማዳበሪያዎቹ ቆርቆሮ አጥሩን ተደግፈው ሊሾ ላይ ነው የተደረደሩት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ እጅሽን ቆርቆሮው ላይ አድርጊና ሞክሪው! ድንች የደጋ ሰው ነው። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቅጠሉ ቢያድግም ድንች መቋጠሩን ይተዋል። አዲስ አበባ ደጋ ናት ብለን እንዝናናለን እንጂ በቆርቆሮና በሲሚንቶ መሃል የተቀመጠ ከረጢት ቆላ ወርዷል ማለት ነው። ከአጥሩ አንድ ክንድ አርቂያቸው፣ ከሥራቸው ጣውላ ወይም ብሎኬት አድርጊ። የጠዋት ፀሐይ ሙሉውን ያግኙ፣ የከሰዓቱ ትንሽ ይቀነስላቸው። ጥቁር ፌስታልማ ጭራሽ አይሞከርም።

ወደ ዩሪያው እንምጣ። ሁለት ጊዜ ዩሪያ፣ በዚያ ላይ ያልበሰበሰ የዶሮ ኩስ። ቅጠሉ ደረትሽ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው። ጎመን ቢሆን ጎበዝ ነበርሽ። ዩሪያና ኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛለት ድንች ቅጠል ማብዛት ይወዳል፣ ወደ ታች መላኩን ይረሳዋል። እኔ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት እቀላቅላለሁ። አፈሩ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ አሸዋ እጨምርበታለሁ። ስተክል በየዘሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ፣ ዘሩን ሳይነካ። ዩሪያ የምሰጠው ሳስታቅፍ ቅጠሉ ገርጥቶ ካየሁ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ የሻይ ማንኪያ። አመድ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። አንድ እፍኝ አይጎዳም፣ ከበዛ ግን ድንቹ ቆዳው እከክ ይይዘዋል።

ዘርሽን ከጉልት እንደገዛሽው ነግረሽናል። አይበቅልም አልልም፣ ግን ዕድል ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች ይተኛል፣ ሁለት ሦስት ወር ሳያጎነቁል ይቆያል። በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የምትችይ ከሆነ የዘር ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ፈልጊ፣ በሆለታና በጀልዱ አካባቢ አሉ። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የድንች ዝርያዎች ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉደኔ (2006) እና በለጠ (2009) በስማቸው ይታወቃሉ። እኔ ጉደኔ ነው የምተክለው። የእንቁላል መጠን ያላቸውን መርጬ የእንቁላል ካርቶን ላይ ደርድሬ፣ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማያርፍበት ቦታ አቆያቸዋለሁ። ጉንቁላቸው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሲሆን ተዘጋጅተዋል። ጓዳ ውስጥ ጨለማ ላይ ያጎነቆለው ረጅምና ነጭ ይሆናል፣ ስትነኪው ይሰበራል።

በክረምት መትከል እንዳያምርሽ፣ ቢያንስ ለጊዜው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ምች እንደመታው ይጠቁርና በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። የጥር መጨረሻው ምርጫሽ ጥሩ ነበር፣ እሱን አትቀይሪው።

ስንት ልጠብቅ ላልሽው፣ ከአንድ ማዳበሪያ 2 ኪሎ ካገኘሽ ደህና ነው፣ 3 ኪሎ ካገኘሽ ፎቶ ላኪልን። እኔ ባለፈው ዓመት ከአራቱ 11 ኪሎ ነው ያወጣሁት። ከአንድ ከረጢት ኩንታል የሚነግርሽን አትስሚው።

የገለበጥሽውን አፈር አትጣዪው። ግን ድንች መልሰሽ አትትከይበት፣ ቲማቲምና ቃሪያም ቢሆን፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ ብዙ በሽታ ይጋራሉ። ዩሪያው ገና አላለቀም፣ ጎመን ዝሪበት።