ገንዳው ዳር ለቆማችሁ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? 31 ዓመት በፊዚዮቴራፒ ሙያ ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ይምከሩን" ይሉኛል። እኔ ግን ምክር ቶሎ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብራዚላዊው ዋናተኛ ዳንኤል ዲያስ።

ዳንኤል የተወለደው በ1988 ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሁለቱ እጆቹና ቀኝ እግሩ በወጉ ሳያድጉ ተወለደ። በ3 ዓመቱ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለት። ትምህርት ቤት ልጆች ያሾፉበት ነበር። ኳስ ግን ነፍሱ ነበረች፤ ሲጫወት ያንን እግር ደጋግሞ ይሰብረዋል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ስንቱ ወላጅ "እንዳይሰበርብን" እያለ ውድ እግር ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ መሰላችሁ! ልጁ ቤት ይቀመጣል፣ ያድጋል፣ እግሩም ሳይሠራበት ይጠበዋል።

በ2004 ዳንኤል 16 ዓመቱ ነበር። የአቴንስ ፓራሊምፒክ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የአገሩን ልጅ ክሎዶአልዶ ሲልቫን አየ። ክሎዶአልዶ ሲወለድ ኦክስጅን አጥሮት ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት፣ ያለበት ሰው ነው። ዋና የጀመረው በ1996 ነው፣ ያውም ለውድድር ሳይሆን እንደ ሕክምና። አቴንስ ላይ 6 ወርቅ ወሰደ። ዳንኤል እስከዚያ ቀን ድረስ እንደሱ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ውድድር መኖሩንም አያውቅም ነበር። ተነሥቶ ዋና ሊማር ሄደ። አራቱንም የቀዘፋ ዓይነት በ8 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ጨረሰ።

ተሰጥኦ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ ነው። ግን ያ ተሰጥኦ 16 ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር እኮ! የጎደለው ዳንኤል አይቶ የሚከተለው ሰው ብቻ ነው።

አንድ የማልረሳውን ልንገራችሁ። ከጉልበቱ በታች እግሩን በመኪና አደጋ ያጣ የ14 ዓመት ልጅ ነበረኝ። ጡንቻው እንዲጠነክር ብዬ በሳምንት አንድ ቀን ወደ መዋኛ ገንዳ እወስደው ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንዱ ሠራተኛ "ደንበኞች ይረበሻሉ" አለኝ፣ ልጁ እየሰማ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ረጅም ሱሪውን ለብሶ ይመጣና ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለመንኩት፣ መከርኩት፣ ወይ ፍንክች! በአራተኛው ሳምንት አንድ የማናውቀው ጎልማሳ ሰው መጣ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ሠራሽ እግሩን አወለቀ፣ መነጽሩን አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ ገባ። በቃ። ልጁ ዓይኑን አልነቀለም። ብዙ ቆይቶ "ጋሼ፣ መነጽሩ ውሃ አይነካበትም?" አለኝ። ይህን እያለ ሱሪውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ገና ዳር ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ምክር ብቻ አትፈልጉ። በምትመኙት ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልጉ፣ ሄዳችሁ እዩት፣ ጠይቁት። ቢበዛ አይሆንም ይላችኋል።

ዳንኤል ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? በ2008 ቤጂንግ ላይ 9 ሜዳሊያ፣ 4ቱ ወርቅ። በ2012 ለንደን ላይ ለብቻው በዋኘባቸው 6 ውድድሮች 6 ወርቅ። ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው።

በፓራሊምፒክ ዋና ሰው ሠራሽ እግር ይዞ መግባት አይፈቀድም። የአካል ጉዳት ያለባቸው ዋናተኞች እንደ ጉዳታቸው ክብደት ከ1 እስከ 10 ይመደባሉ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳቱ ከባድ ነው። ክሎዶአልዶ ምድብ 4 ነበር። ከቤጂንግ ውድድር በፊት ወደ ምድብ 5 አዛወሩት። ምድብ 5 ደግሞ የዳንኤል ምድብ ነው። በቴሌቪዥን አይቶት የጀመረው ልጅ እዚያው ገንዳ ውስጥ አገኘው፣ አለፈውም።

እኔም ያስተማርኩት ልጅ አልፎኝ ያውቃል። ውጭ አገር ተምሮ አዲስ አሠራር ይዞ ሲመጣ ስድስት ወር ያህል ፊት ነሣሁት። ዛሬም ባገኘው ይቅርታ እለዋለሁ። ታካሚዎቼ ስድስት ወር ሙሉ የተሻለውን ሕክምና ያጡት በእኔ ኩራት ነው።

ዳንኤልም ተራው ደረሰው። ሪዮ ላይ በምድብ 6 ወርቅ የወሰደው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቦቻርዶ በቶኪዮ ወደ ምድብ 5 ተዛውሮ መጣ። ዳንኤል 33 ዓመቱ ነበር፣ 3 ነሐስ ይዞ ወጣ። ምደባው ከባድ ሥራ ነው፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ማድረግ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ያማል። በ27 ሜዳሊያ፣ በ14 ወርቅ ከውድድር ዓለም ተሰናበተ።

እናንተ ዛሬ ጎበዞች የሆናችሁ ደግሞ፣ የሚያያችሁን ሰው ሳታውቁት ትኖራላችሁ። ክሎዶአልዶ ያኔ አቴንስ ላይ ሲዋኝ ካማንዱካያ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ ልጅ እያየው መሆኑን በምን ያውቃል?

የ2016 ሪዮ ፓራሊምፒክ ሲከፈት ዝናብ ነበር። ማራካና ስታዲየም ውስጥ ችቦውን ይዛ የምትሄደው ማርሲያ ማልሳር ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት። መጨረሻ ላይ ችቦው ክሎዶአልዶ ጋር ደረሰ። በተሽከርካሪ ወንበሩ ሄዶ ረጅም ደረጃ ፊት ቆመ። ቀና ብሎ አየው። ደረጃው ተከፍቶ ዳገት መንገድ ሆነለት፣ በዚያ ወጥቶ እሳቱን ለኮሰ። ዳንኤል በዚያ ውድድር 9 ሜዳሊያ ወሰደ። አንዱ የቅብብሎሽ ብር ነው፣ ክሎዶአልዶም ቡድኑ ውስጥ ነበረ።